ምልክት የሌለው ቃል

አውሮፕላን ያመለጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው በመኪና መጨናነቅ ወይም በእንቅልፉ ነው። እኔን ያመለጠኝ በበርበሬ ምክንያት ነው። እንዲህ ስል ባልደረቦቼ ይስቃሉ፤ እናንተም ብትስቁ አልቀየምም። ግን እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ዝለቁ። ነገሩን ዛሬውኑ ጽፌ ለመጨረስ የተጣደፍኩበት ምክንያት አለኝና።

በዚያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ላስቀድም። አንጓች እባላለሁ። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ የማስተምረውም ጎልማሶችን የሚያስተምሩ መምህራን በሚሠለጥኑበት የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። እኔ ራሴ ደብተር የያዝኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ትምህርት ቤት ሲመላለሱ እኔ የሰው ሚስት ነበርኩ። ትዳሩ ሲፈርስ አንደኛ ክፍል ገባሁ፤ ቁመቴ ከመምህሬ ይበልጥ ነበር፤ ልጆቹም «እማማ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ልማድ ሆነብኝ፤ መጽሐፍ ውስጥ መደበቅና ስሕተት አለመሥራት። ነጠላ ሰረዝ ያለ ቦታዋ ከገባች ተማሪውን ጠርቼ አሳየዋለሁ። ስለ ራሴ ግን አልናገርም። አብረውኝ ለዓመታት የሠሩ ሰዎች ዘግይቼ መማሬን አያውቁም ነበር።

ዩኒቨርሲቲያችን ሰሜን አውሮፓ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር መምህራን ይለዋወጣል። የእነሱ ወደኛ መጥተው ጥቂት ሳምንት ያስተምራሉ፤ የእኛም እዚያ ሄደው ያስተምራሉ፣ ይሠለጥናሉ። መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ካትሪና የምትባል መምህርት መጥታ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ይዛ አስተምራለች። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ስታየኝ ከሰነበተች በኋላ፣ «ዕድሜያቸው የገፋ ጀማሪዎችን የምትይዢበት መንገድ ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። ከየት አመጣሽው?» አለችኝ።

«ከልምድ» አልኳት። የማን ልምድ እንደሆነ አልጨመርኩም።

አገሯ ስትገባ ስሜን አቀረበች፤ ተመረጥኩ። ዘግይተው ትምህርት ስለሚጀምሩ ሰዎች እዚያ ላሉ የመምህርነት ተማሪዎች ላስተምር ነው። ትምህርቱን ለወራት ስጽፍ፣ ስሰርዝ ከረምኩ። በየገጹ «አንዳንድ ተማሪዎች» እላለሁ፤ በጣም ሲጨንቀኝ «አንዲት ሴት» እላለሁ። ቪዛው ወጣ፤ ቲኬቱ ተቆረጠ። ሰኞ ከቀትር በኋላ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ማታውኑ ወደ ውጭ። ካትሪና በግልጽ ጽፋልኛለች፦ ሥልጠናው የሚጀመርበት ቀን አይገፋም፤ ካልደረስሽ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

በእኛ አካባቢ መንገድ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ለጥንቃቄ ብዬ ቅዳሜ ተነሣሁ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቀትር አለፈ። ማንኩሳን ተሻግረን ብዙም ሳንርቅ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አገኘን። ሰው የለም፤ ድንጋይ ብቻ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ተደገፈ።

«በቃ፣ ተመልሰናል።»

«ወደ ቡሬ የሚያወጣ ሌላ መንገድ የለም?» አልኩት።

«ለእግር አለ። ለጎማ የለም።»

ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ፣ «እሜቴ፣ ምን ያስቸኩልሻል? ሠርግ አለብሽ?» አሉኝ።

«ትምህርት ነው።»

«ትምህርት! እስካሁን አልጨረስሽም?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሻንጣዬን ወደ ቤቴ እንዲመልስልኝ ለሹፌሩ ሰጥቼ፣ ኮምፒውተሬንና ወረቀቶቼን የያዘ ቦርሳ በትከሻዬ አንግቼ ወረድኩ። ሴትዮዋ በመስኮት ብቅ ብለው «ኧረ ተይ፣ አንች ሴት!» ሲሉ ይሰማኛል። ዞሬ ብመለከት ኖሮ እመለስ ነበር።

በበቆሎ ማሳዎች መሀል የሚሄደውን የእግር መንገድ ይዤ ተጓዝኩ። ሰዉ እሸቱን ጨርሶ አገዳው ቆሟል። ከሩቅ፣ ከቡሬ በኩል፣ ተኩስ ይሰማል፤ ደግሞ ዝም ይላል። ዝምታው ይብስ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ግቢ ደረስኩ። እንደ ደንቡ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» አልኩ።

«ቤት የእግዜር ነው፣ ግቢ» አለኝ የሽማግሌ ድምፅ።

ገባሁ። ዓይኔ ደክሟል፤ መነጽሬ በላብ ጉም ለብሷል። ደጁ ላይ ሰፊ ሰሌን ተነጥፏል፤ በምሽቱ ብርሃን ቀይ ምንጣፍ መሰለኝ። እግሬ ስለዛለ እስኪጋብዙኝ አልጠበቅኩም፤ ሄጄ ቁጭ አልኩበት። ከሥሬ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ቀጥሎ አስነጠሰኝ። እጄን አሳርፌበት ኖሮ በዚያው እጄ ዓይኔን ስነካ ጩኸቴን ለቀቅኩት። ለካ የተቀመጥኩት ሊደርቅ የተሰጣ በርበሬ ላይ ነው።

ሽማግሌው፣ አያ ታከለ፣ ውኃ በቅል ይዘው ሮጡልኝ። ዓይኔን እያጠቡኝ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳቃቸውን ሊውጡት እየሞከሩ ነው።

«ልጄ፣ በርበሬ ሲገዙ በእጅ ነው የሚፈትኑት» አሉ በመጨረሻ።

ባለቤታቸው እት ባንች ከብት ሊያስገቡ ሄደው ነበርና አላዩም። ሲመለሱ «ምነው ዓይንሽ ቀላ?» ብለው ጠየቁኝ። አያ ታከለ ቀድመው «አቧራ ነው» አሉ። ያቺ ውሸት እሳቸውን አስወደደችኝ፤ ውርደቴን ለሚስታቸው እንኳ አሳልፈው አልሰጡም።

የበቆሎ ቂጣና ጎመን እየበላን ወዴት እንደምሄድ ነገርኳቸው። እኔ ለፈረንጅ አስተምራለሁ ስል እት ባንች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አያ ታከለ ግን የጠየቁት ስለ ፈረንጅ አልነበረም።

«መኪና ከየት ይነሣል?»

«ከጥልሊ ወደ ባሕር ዳር ይሠራል አሉ።»

«ደግ። በአስፋልቱ ግን አትሄጅም። ነገ ከፈጣም ወንዝ ወዲህ ያለ አገር ድረስ እኔ አደርስሻለሁ። እዚያ የክርስትና ልጄ አለ፤ ጌታሁን ይባላል፤ እንዳንች አስተማሪ ነው። እሱ ወንዙን አሻግሮ ጥልሊ ያገባሻል። ከእጅ ወደ እጅ ነው የምትሄጅ። ከቤቴ የወጣ እንግዳ ቢጎዳ ደሙ በእጄ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን እንዳላስቸግርዎ» ስል እጃቸውን አነሡ።

«አልጨረስኩም። ስትደርሽ ደርሳለች የሚል ቃል ይላክልኝ። ቃሉ ግን ምልክት ይኑረው።»

የገጠር ልጅ ስለሆንኩ ምልክት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው በሰው ሲላላክ፣ መልእክቱ የእውነት መሆኑ እንዲታወቅ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ነገር አብሮ ይነገራል። «ምልክቱ፣ ያን ቀን እንዲህ ያልከኝ» ይባላል። የደብዳቤ ማኅተም ማለት ነው። እንዲህ ሲያጠብቁት ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ።

«ሙሉቀን የሚባል ልጅ አለኝ» አሉ። እት ባንች ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። «ቡሬ ለሥራ ሄዶ በዚህ በክፉው ሰሞን ጠፋ። ልፈልገው ዱላዬን ሳነሣ 'ደህና ነኝ፣ አትምጡ' የሚል ቃል መጣ። ምልክት የለውም። እኔም ልጅ ነው፣ ረስቶት ነው ብዬ ቁጭ አልኩ። ሰንብቶ ሁለተኛ ቃል መጣ፤ እሱስ ምልክት አለው፤ ከልጅነቱ እኔና እሱ የምናውቀው ነገር ነው። ደስ አለን። በኋላ ነው የገባኝ። ምልክቱን ያወጣው የያዙት ሰዎች ጠይቀውት ነው፤ መጀመሪያ ያልተናገረውን በግድ ተናግሮ ነው። ይኸው ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።»

እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሱት።

«ስለዚህ ልጄ፣ የመጀመሪያው ቃል ከነምልክቱ ከመጣ እተኛለሁ። ያለ ምልክት ከመጣ ተይዘሻል ማለት ነው፤ ንጋት ላይ እወጣለሁ። ከዚያ በኋላ ምልክት ቢመጣም አልሰማም። ጆሮዬ አንዴ ተታሏል፤ ከእንግዲህ ዓይኔን ነው የማምን።»

«ምልክቱ ምን ይሁን?» አልኳቸው።

ወደ ጓዳው ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በርበሬው ላይ ነዋ የተቀመጥሽው!»

ፊቴ ጋለ። ሌላ ነገር እንዲመርጡ ለመንኳቸው። «ይች ናት ምልክት» አሉ። «ሰው አፍሮ የሚሸሽገውን ነገር ሌላ ሰው ከየት ያመጣዋል?»

እሑድ ማለዳ ተነሣን። ቅዳሴ እንዳስቀረሁባቸው ሳነሣባቸው፣ «ዛሬ ቅዳሴዬ አንች ነሽ» አሉ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከፊቴ ሄዱ። ቡሬን በሩቁ ወደ ጎን ትተን፣ ባገኙት ሰው ሁሉ ቆመው የቤቱን የከብቱን ደህንነት እየጠየቁ፣ በመሀሉ መንገዱን እያጣሩ ነው የሄድነው። ቀትር ላይ ጌታሁን ቤት ደረስን። ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ የልጅ አባት የሆነ ሰው ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መምህርት መሆኔን ሲሰማ ወንበሩን በክንዱ ጠረገልኝ።

አያ ታከለ እጄን ይዘው እጁ ላይ አኖሩት። «አደራ ሰጥቼሃለሁ።»

«ተቀብያለሁ፣ አባ።»

«ቃሉን ከነምልክቱ። ምልክቱን እሷ ትነግርሃለች።»

እኔን ዞር ብለው ሳያዩ ተመለሱ። በእኛ አገር ሸኝ ወደ ኋላ አያይም፤ መንገደኛውን ልቡን ይከፍለዋል ይላሉ።

ከጌታሁን ጋር ስንሄድ ምልክቱን ነገርኩት። ሳል ያነቀው መስሎ ፊቱን አዞረ። «ይቅርታ፣ መምህርት» አለ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ወንዙ ድረስ አላናገረኝም። ፈጣም ገና ከክረምቱ ውኃ አልጎደለም። ጫማዬን አውልቄ ተሻገርኩና ወዲያ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እግሬን ሳደርቅ፣ ጌታሁን ከጥልሊ ዘመድ ጠይቀው ከሚመለሱ ሴቶች ጋር ቆሞ ሲያወራ አየሁት። የአያ ታከለ አጥቢያ ሰዎች እንደሆኑ በኋላ ነገረኝ። ሴቶቹ ለእኔም በአክብሮት እጅ ነሥተው ወደ ወንዙ ወረዱ።

ጥልሊ ስንደርስ ጀምበር አዘቅዝቃለች። መኪና ንጋት ላይ እንደሚነሣ አረጋገጥን። ስልኬ ነፍስ ዘርቶ የካትሪና መልእክት ገባ፤ «አውሮፕላን ማረፊያ እጠብቅሻለሁ፤ ካፖርት ይዤልሻለሁ፤ እዚህ በርዷል» ይላል። ሻይ ቤት ተቀምጠን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ጌታሁንን «ነገ አያ ታከለ ዘንድ በጊዜ ትደርስ ይሆን?» አልኩት።

«አያስፈልግም፣ መምህርት። ቃሉን በሴቶቹ ልኬያለሁ። ማታ ይደርሳቸዋል።»

«ከነምልክቱ?»

የሻይ ብርጭቆውን አዞረ።

«ጌታሁን፣ ከነምልክቱ?»

«እንዴት ብዬ?» አለ። ጆሮው ቀልቷል። «የዩኒቨርሲቲ መምህርት... ለሴቶች... በርበሬ ላይ ተቀመጠች ብዬ? ነገ አገር ምድሩ ይሥቅብዎታል። 'በክብር ደርሳለች' በሏቸው አልኩ። 'በክብር' ነው ያልኩት።»

አያ ታከለ ያለ ምልክት ስለሚመጣ ቃል የነገሩኝን እሱ አያውቅም ነበር። ነገርኩት። ስለ ሙሉቀን መጥፋት ግን ያውቃል፤ ብርጭቆውን አስቀምጦ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

«በአስፋልቱ ነው የሚወጡት» አለ። «እያንዳንዱ ድንጋይ ጋ እየቆሙ ይጠይቃሉ። በዚህ ጊዜ እየዞረ የሚጠይቅ ሰው ምን እንደሚባል ያውቃሉ?»

አውቃለሁ። ሰላይ ይባላል።

«እኔ እሄዳለሁ» አለ ጌታሁን።

«አንተን አያምኑህም። ያለ ምልክት የላክህ አንተ ነህ። ተይዘህ ነው የምትናገረው ይላሉ።»

«ታዲያ?»

ታዲያውን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። ዓይናቸው የሚያምነው እኔን ሲያይ ብቻ ነው።

ያን ሌሊት አልተኛሁም ማለት ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ተኝቻለሁ፤ ደክሞኝ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ሚኒባሱ ውስጥ ነበርኩ። ወንበር ይዣለሁ፤ መስኮት ዳር። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ሴቶቹ አገላብጠው ቢያስረዷቸው ያምናሉ፣ ደግሞስ ማን ሽማግሌ ይነካል እያልኩ አሳማኝ ምክንያት እደረድራለሁ። እንዲህ ያለውን ድርደራ ተማሪ ቢያመጣልኝ ከዳር ዳር በቀይ አሰምርበት ነበር።

«ባሕር ዳር! ሁለት ሰው ብቻ! ባሕር ዳር!» ይላል ረዳቱ።

ጌታሁን ከመስኮቱ ሥር ቆሟል። አልለመነኝም፤ አልተቆጣኝም። ብቻውን ሊሄድ እንደወሰነ ከአቋቋሙ ያስታውቃል። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል እጄን አስገባሁ።

«ሴትዮ፣ ጣትሽ!»

«ወራጅ አለ» አልኩ።

ወደ ኋላ የሄድነው ሩጫ ነው ማለት ይቻላል። ጌታሁን ቤት ስንደርስ ሚስቱ ደጅ ላይ ቆማለች። «አያ ታከለ መጥተው ነበር» አለች። «'ባልሽስ?' ሲሉኝ ማታ አልተመለሰም አልኳቸው። 'ሁለቱም ተያዙ' አሉ። ቁጭ ይበሉ ብላቸው፣ ውኃ ቅመሱ ብላቸው... ወደ አስፋልቱ ሄዱ።»

እኛ ጥልሊ ማደራችን ጥርጣሬያቸውን አጸናው። ጌታሁን ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ያዘ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ፊት ፊት ሄደ።

አስፋልቱ ዳር ስንወጣ ፀሐይ ከአናት ዘንበል ብላለች። አንዱን የመንገድ መዝጊያ አልፈን ሁለተኛው ላይ፣ በተደረደረው ድንጋይ አጠገብ፣ አያ ታከለ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው በራሳቸው መቀነት ወደ ኋላ ታስሯል። ጋቢያቸው አቧራ ላይ ወድቋል። በዙሪያቸው ጠመንጃ የያዙ ልጅ እግር ሰዎች ቆመዋል። የማን ወገን እንደሆኑ አልጽፍም፤ በዚያ መንገድ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ለመንገደኛ አንድ ነው።

«እንግዳዬን አምጡ» ይላሉ አያ ታከለ። ድምፃቸው ደርቋል፤ ብዙ ጊዜ እንዳሉት ያስታውቃል። «መነጽር ያላት። እንግዳዬን አምጡ።»

«አያ ታከለ!» አልኩ።

ቀና አሉ። ያዩኝ መሰለኝ፤ ግን ፊታቸው አልተፈታም። አለቃቸው የሆነው ሰው መንገዴን ዘጋው።

«አንቺ ነሽ እንግዳዋ? ይህ ሽማግሌ ከረፋዱ ጀምሮ ማን አለፈ፣ ስንት ሰው ያዛችሁ እያለ ሲዞር ነው የተያዘው። አሁን ደግሞ እንግዳዋ ከሰማይ ዱብ አለች። ተነጋግራችሁ ነው የመጣችሁት።»

«አስተማሪ ነኝ። ወረቀት አለኝ» ብዬ ቦርሳዬን ልከፍት ስል ጠመንጃው ቀና አለ። እጄን ሰቀልኩ። ቪዛው፣ የግብዣው ደብዳቤ፣ ማኅተሙ ሁሉ እዚያው ቦርሳ ውስጥ ቀረ።

«የእኔና የእሳቸው ምልክት አለን» አልኩ። «እሳቸውን ለብቻቸው ጠይቋቸው።»

አለቃው ትንሽ አሰበ። የገጠር ልጅ ነው፤ ምልክት ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ሄዶ አያ ታከለ አፍ ላይ ጆሮውን ጣለ። መጀመሪያ እኔን ትክ ብለው አዩ። ኋላ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አለቃው ሲመለስ ፊቱ አይነበብም።

«በይ። ሁሉም እንዲሰማ፣ ጮክ ብለሽ።»

ክፍል ውስጥ እንኳ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ጌታሁን አንገቱን ደፋ።

«ቅዳሜ ማታ» አልኩ፣ «ደጃቸው ላይ የተሰጣ በርበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ምንጣፍ መስሎኝ።»

አንዱ ከኋላ በሣቅ ፈነዳ። ሌላው ተከተለ። አለቃው ራሱ ከንፈሩን ነከሰ። «እና ማን አነሣሽ?» አለ አንዱ። «አቃጥሏት ነዋ የተነሣች!» አለ ሌላው። «በቂጧ ነው የፈተነችው፣ ቃሪያ መስሏታል!» ሣቁ። እኔ ቆሜ ተሣቀብኝ። በሕይወቴ ሙሉ የሸሸሁት ነገር ያ ነበር፤ ከነጠመንጃው መጥቶ ከበበኝ፤ እግሬ ግን አልከዳኝም።

«ፍታው» አለ አለቃው።

አያ ታከለ አልሣቁም። እጃቸው ሲፈታ የእጃቸውን አንጓ አሻሽተው ወደኔ መጡ። እግሬን አዩ፤ ፊቴን አዩ፤ መነጽሬን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ጥልሊ ደርሰሽ ነበር?»

«ደርሼ ነበር።»

«መኪና አጣሽ?»

«ተሳፍሬ ወረድኩ።»

ዱላቸውን ከመሬት አነሡ። ፊታቸው በቁጣ ተለወጠ። «ሂጅ ብዬ ነው የሸኘሁሽ! አንድ ሽማግሌ ቢሞት ዕድሜ ጠግቦ ሞተ ይባላል፤ በሁለት ዓመቱ ይረሳል። አንች የት ልትደርሽ ነበር? ምን ልትሠሪ ተመለስሽ?»

ጌታሁን «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባ» ብሎ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል በዱላቸው ጫፍ ከለከሉት። «አንተ ሰው አከበርክ» አሉት። «ሰው አክብረህ ልትገድለን ነበር።»

አያ ታከለ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ወደ ቤታቸው መሩን። አውሮፕላኑ ከባሕር ዳር በሚነሣበት ሰዓት የበቆሎው ማሳ መሀል ነበርን። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ፤ ምንም የለም። እት ባንች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሲያዩን ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። አያ ታከለ ደጃቸው ላይ፣ በርበሬው አጠገብ ተቀመጡ፤ ያኔ ነው የተናገሩት።

«የዛሬው መንገድ» አሉ፣ «ለልጄ ልሄደው ይገባኝ የነበረው መንገድ ነው። ቃል መጥቶልኝ ቁጭ ያልኩት።»

እት ባንች ይህን ሰምተው ወደ ጓዳ አልገቡም። አጠገባቸው ተቀመጡ።

እንግዲህ ጉዳዩ ይህ ነው። ለካትሪና የጻፍኩላት ኢንተርኔት ሲመለስ፣ ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ቦታው ለሌላ አገር መምህርት ተሰጥቷል፤ ካትሪና ደብዳቤዋ ላይ አልወቀሰችኝም፤ ካፖርቱን አስቀምጬልሻለሁ ብቻ አለች። ባልደረቦቼ ወቅሰውኛል። «አንድ ደብዳቤ ጽፈሽ አትልኪም ነበር? ገበሬው መዞሩ ሲሰለቸው ይመለስ ነበር» ይላሉ። ይመለሱ ይሆናል። ሌሎች ደግሞ ሲያመሰግኑኝ እሸማቀቃለሁ፤ የተሸኘሁት እንድደርስ ነበር፤ አልደረስኩም። ልክ ሠራሽ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ዛሬም በእርግጠኝነት አልመልስም። ይህ ለእኔ ዓይነት ሰው ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ግን ተለውጧል። ለዚያ ጉዞ ያዘጋጀሁትን ትምህርት፣ ቤቴ ተቀምጬ፣ ደግሜ አነበብኩት። ጌታሁን ሆኜ ነበር የጻፍኩት። በየገጹ «በክብር ደርሳለች» እላለሁ። የሚያሳፍረው ነገር ሁሉ በጥንቃቄ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ያንን የሚያነብ የውጭ ተማሪ ለምን ያምነኛል? እንደገና ጻፍኩት። አሁን የሚጀምረው «አንደኛ ክፍል ስገባ ቁመቴ ከመምህሬ ይበልጥ ነበር» ብሎ ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት እዚሁ ግቢያችን፣ ለራሴ ተማሪዎች ነው። ሣቁ። ከክፍሉ ስወጣ፣ ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው ሴትዮ፣ ዓመቱን ሙሉ አፏን ከፍታ የማታውቀው፣ ተከትላኝ መጣች። «እኔን ልጆቹ 'አያቴ' ነበር የሚሉኝ» አለችኝ።

ከአያ ታከለ ጋር እስከ ዛሬ በሰው እንላላካለን። ከዚያ በኩል ለገበያ የሚመጣ ሰው ሰላምታቸውን ያመጣል፤ ሁልጊዜም ከነምልክቱ። አንዴ «ምልክቱ፣ እት ባንችን አቧራ ነው ያልኳት ቀን» ብለው ላኩ። ሌላ ጊዜ «ምልክቱ፣ መነጽርሽን የነካሁት» አሉ። አሁን እኛ ሁለታችን የምናውቀው ብዙ ነው፤ አያልቅብንም። የሙሉቀን ድምፅ ግን እስከ አሁን አልተሰማም።

ካትሪና ዘንድሮም ስሜን አቅርባለች። እሺታዬን እንድልክ ጠይቃኛለች፤ መልሱን ጀምሬ ገና አልጨረስኩትም። ምክንያቱም ትናንት የማላውቀው ሰው ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ፣ «አያ ታከለ ደህና ናቸው፤ አትምጪ ብለውሻል» አለኝ።

«ምልክቱስ?» አልኩት።

«የምን ምልክት?» አለ።

ነገ ጠዋት እስከ ማንኩሳ ሚኒባስ አለ ተብያለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የእግር መንገድ አውቀዋለሁ።